የድግስ ወራሾች

በታኅሣሥና በጥር ውርጭ በየማለዳው የገብሱን ቃርሚያ ጨው እንደ ተነሰነሰበት በሚያነጣበት በመንዝ ማማ ምድር፥ በሞላሌ ከተማ፥ ለራሴም ለጎረቤትም፥ ለማኅበርም ለሠርግም፥ ለገናም ለፋሲካም ድግስ ስደግስና ሳስደግስ ከ30 ዓመት በላይ አልፎኛል፤ በዚህም ሁሉ ዘመን ያገኘሁትን ሙያ ከማን እንደ ተማርሁት የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ ወጥ ማጣፈጥን ከብዙ ሴቶች፥ ድግስ መደገስን ግን ከእናቴ፥ ያውም ከባቄላ ቆጠራዋ ተማርሁት ብዬ እመልሳለሁ።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፥ ከብቱ ገብቶ የቤቱ ሰው እግሩን ከታጠበ በኋላ፥ እናቴ በምድጃው አጠገብ አጎዛዋን አንጥፋ ትቀመጥና፥ አንድ አፈ ሰፊ ቅል በጉልበቷ መካከል አድርጋ፥ የሚመጣውን እንግዳ በየቤቱ ስሙን እየጠራች ለእያንዳንዱ አንዳንድ የባቄላ ፍሬ ወደ ቅሉ ትጥል ነበር። ለአዋቂ ሙሉ ፍሬ፥ ለሕፃን ክክ ነው፤ ጥርሳቸው ላለቀ ሽማግሌ ስትጥል «ለእሳቸው ፍትፍት» ትላለች፥ እኔም በዕለቱ እንዳስታውሳት አደራ እቀበላለሁ። ስሙ ሁሉ ተጠርቶ ሲያበቃ፥ ሳይጠራ ለሚመጣው መንገደኛ «ይህ እግዚአብሔር የላከው ነው» ብላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ በጥጋብ ዘመንም በችግር ዘመንም ያ እፍኝ ሲያንስ አላየሁም። ከዚያም ባቄላውን በሰፌድ ላይ ዘርግታ በአሥር በአሥር ትለየዋለች፤ የሊጡ ልክ፥ የእንጀራው ብዛት፥ የጋኑ ቁጥር፥ የሚታረደው በግ ሁሉ ከዚያ ሰፌድ ላይ ይወጣል። እኔም ዛሬ ለአንድ ባቄላ ሁለት እንጀራ፥ ለሃያ አምስት ባቄላ አንድ በግ እመድባለሁ፤ የመንዝ በግ ጠጉሩ ብዙ፥ አካሉ ግን ትንሽ ነውና፥ ተገፎ ሲመዘን ሥጋው ከ10 ኪሎ ብዙም አያልፍም። በዓሉም ሲያልፍ ያ የቆጠርንበት ባቄላ ተነክሮ፥ ተቀቅሎ፥ ንፍሮ ይሆንና፥ ውኃ ሲቀዱና ኩበት ሲሸከሙ ለሰነበቱት ልጆች ይታደላል፤ መቁጠሪያው እንኳ ወራሽ ነበረው።

«ወራሽ» የሚለው ቃል የእናቴ ነው። «ወራሹን ሳታውቂ እሳት አታንድጂ» ትለኝ ነበር፤ ይኸውም ከድግስ የሚቀረውን ሁሉ፥ ከእንጀራው ቁራሽ እስከ ጋኑ አተላ፥ ከበጉ ቆዳ እስከ ምድጃው አመድ ድረስ፥ ማን እንደሚወስደው፥ ወዴት እንደሚገባ፥ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ያልተወሰነለት ነገር ወደ ድግሱ ቤት እንዳይገባ ማለቷ ነው። ዛሬ ስለ ቆሻሻ በየስብሰባው ሲነገር ስሰማ፥ ንግግሩ ሁሉ በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለሚጠረገው ነገር ሲሆን ይታየኛል፤ ነገሩ የሚወሰነው ግን በዚያ በባቄላው ሌሊት ነው።

አብዝተን እንድንደግስ የሚገፋን ፍርሃት ነው፤ ይህንንም ፍርሃት ማንም በቀላሉ ሊነቅፈው አይገባም። «ድግሱ ጎደለ» መባል በእኛ አገር ከሰው አልፎ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። ጥር 12 ቀን የምናከብረው ቃና ዘገሊላ የዚህም ፍርሃት መታሰቢያ ሆኖ ይሰማኛል፤ በዚያ ሠርግ የወይን ጠጁ አለቀ፥ እመቤታችን የደጋሾቹን ሐፍረት አይታ አማለደች፥ ስድስቱም የድንጋይ ጋኖች ውኃ ተሞልተው ወይን ሆኑ። እኛ ግን ተአምራት በእጃችን ስለሌለ፥ ሐፍረቱን በእህል ብዛት ልንመክተው እንሞክራለን፤ ለመቶ ሰው የመቶ ሃምሳ ሰው እንጋግራለን፥ የሃምሳውም ሰው እንጀራ በማግሥቱ ሻግቶ ይገኛል። ወንጌል ግን ሁለተኛውን ወገን፥ የተረፈውን ነገር፥ አልተወውም፤ አምስቱን እንጀራ ለ5,000 ሰው ያበረከተ ጌታ፥ ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይጠፋ አዝዞ አስለቀመ፥ የተለቀመውም አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ድንጋዩን እንጀራ ሊያደርግ የሚቻለው እርሱ ፍርፋሪ ካስለቀመ፥ እኔ ዓይኔን በኩበት ጢስ አቃጥዬ የጋገርሁትን ለመጣል ምን ሥልጣን አለኝ?

ልኩ ከታወቀ በኋላ ቀኑን መመርመር ያስፈልጋል፤ ድግስ በባሕረ ሐሳብም ይለካልና። ፋሲካ ዘወትር እሑድ ይውላል፥ ከእርሱም በኋላ በዓለ ሃምሳው እስኪፈጸም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፥ የተረፈው ወጥ ለማግሥቱም ለሠልስቱም ይሆናል። ገና ግን በሳምንቱ ቀኖች ሁሉ ይዞራል፤ ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል የልደቱ ክብር ጾሙን ያነሣዋል፥ ማግሥቱ የጾም ቀን ሲሆን ግን በድስት የቀረውን ሥጋ የሚነካው የለም። በ2017 ዓ.ም. ገና ማክሰኞ ውሎ ረቡዕ ተከተለው፤ በ2018 ዓ.ም. ረቡዕ ውሎ ሐሙስ ተከተለው። ቀን ያልቆጠረች ደጋሽ በሁለቱም ዓመት እኩል ድስት ትጥዳለች፤ እኔ ግን በማክሰኞው ገና የወጡን ድስት አሳንሼ፥ ከቅርጫው በዕጣ የደረሰኝን የበሬ ሥጋ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘልዝዬ፥ ጨውና በርበሬ አሽቼ፥ በጓዳው ገመድ ላይ ሰቀልሁት። የመንዝ ብርድ ደረቅ ስለሆነ ዝንብም ብዙ አይደፍረውም፤ ቋንጣው ለጥምቀት ደረሰ።

ከወራሾች ሁሉ ሥርዓቱ ያማረው ግን የጠላው ነው፤ በእርሱ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፥ አፉን በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ጢሱ በሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ሲወጣ ጓዳው እንደ ቅኔ ማኅሌት ይሸታል። ጌሾውና ብቅሉ ይጠነሰሳል፥ አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቶ ይጨመራል፥ ድፍድፉ ከሰነበተ በኋላ ውኃ ይሞላበትና አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። በበዓሉ ሲከፈት፥ መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ለሽማግሌዎችና ለካህናት ነው፤ ያ ሲያልቅ ድፍድፉ ሌላ ውኃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል፥ ይህም የልጆችና የእረኞች፥ የማግሥቱም ሠራተኞች ድርሻ ነው፤ ቅራሪውም ሲያልቅ ከታች የሚቀረው አተላ ለሙክቱና ለላሟ ይሰጣል፤ ሙክቱ በአተላው ሰብቶ ለሚቀጥለው በዓል ይደርሳል። እንግዲህ ከአንድ የገብስ ቁና ጋን ውስጥ የገባ አንዲት ፍሬ እንኳ ወራሽ ሳያገኝ አይወጣም። ጋኑ ራሱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ፥ ስባሪው ገል ይሆናል፤ ገሉ ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል፥ ማለዳ ዕጣን ይጤስበታል፥ ትንሹም ስባሪ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሆናል። ጠላ የቀረበበት ዋንጫ የበሬ ቀንድ ነው፥ ሽክናውም ቅል ነው፤ ሲያረጁ አፈር ይሆናሉ።

የቀረውን ባጭሩ እናገራለሁ። የገብስ እንጀራ ካደረ ስለሚደርቅ ዋዜማ ሌሊት እንጂ ከዚያ በፊት አይጋገርም፤ ከወይና ደጋው ገበያ የመጣው ጤፍ ግን ቀን ይታገሣል። የተረፈው እንጀራ በሰፌድ ላይ ፀሐይ መትቶት ድርቆሽ ይሆናል፥ ድርቆሹም በጾሙ ወራት ይበላል። ለጉዝጓዝ የተነጠፈው ቄጠማ በማግሥቱ ተጠርጎ ከበረት ይገባል፥ አመዱም ድስት ከታሸበት በኋላ ወደ ጎመኑ መደብ ይሄዳል።

በአንድ ነገር ግን ከቀደሙት ሥርዓት እለያለሁ። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ይደረግ በነበረው ግብር፥ መኳንንቱ ቀድመው፥ ሌላው እንደየማዕረጉ በተራ እየገባ፥ እስከ ተራው ወታደር ድረስ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ይበላ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ይህም ታላቅ የመደገስ ጥበብ ነው። በየቀበሌው የነበሩ ደጋሾችም ይህንኑ ሥርዓት በትንሹ ሲከተሉት በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ነገር ግን በመጨረሻው ተራ የሚመጡት ነዳያን ስለ ሆኑ፥ ለእነርሱ የሚደርሰው ሌላው የቆራረሰው ነበር። እኔ ግን ነዳያንን ከወራሾች ወገን አልቆጥርም። ለእነርሱም፥ በአኩፋዳቸው ቁራሽ ለሚለምኑት የቆሎ ተማሪዎችም፥ ባቄላው በስም ሊጣልላቸው፥ እንጀራውም ከመሶቡ ሳይነካ አስቀድሞ ሊነሣላቸው ይገባል። ስለ ትራፊ የሚናገሩ ሰዎች «ለድኃ ይሰጥ» ብለው ሲደመድሙ ልቤ ይከፋዋል፤ ሻግቶ የሚጣለውን ሰጥቶ ምጽዋት ነው ማለት ያስፈራል።

አሁን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ፥ የጥምቀት ማኅበር ተራ ሲደርሰኝ ታምሜ ነበርና፥ ከእድሩ ቤት ሳህን ማስመጣትና ማጠቡ ከበደኝ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተበልቶባቸው የሚጣሉ የፕላስቲክ ሳህኖችና ኩባያዎች፥ የታሸገ ውኃም፥ ለእንግዳውም መሸኛ ዳቦ መጠቅለያ ስስ ፌስታል ገዛሁ። ድግሱ አማረ፥ ብዙዎችም «ሠለጠንሽ» አሉኝ። በማግሥቱ ልጆቹ ሁሉን ጠርገው ከቤቱ ጀርባ ካለው ፈፋ ጣሉት። ባቄላ ስቆጥር ለሰው ሁሉ ልክ አውጥቼ፥ ለዚያ ክምር ግን ወራሽ እንዳልፈለግሁለት ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ነፋሱ ፌስታሉን በየቁጥቋጦው ላይ ሰቀለው፤ የወጥ ቅባትና ጨው ስላለበት ከብቱ ይልሰው ጀመር።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ የማሰባው አንድ ሙክት ነበረኝ። አተላ እየሰጠሁት፥ የባቄላ ገለባ እየጨመርሁለት እንኳ፥ ጀርባው ሲዳሰስ አጥንቱ እጄን ይወጋ ነበር፤ ላቱም እንደሌሎቹ አልሞላም። የቀረበለትን ጥቂት ይቀምስና ፊቱን ያዞራል። ታረደ፤ እኔም ለዱለቱ ጨጓራውን ላጥብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቢላዋውን ሳስገባ አንድ ጠበቅ ያለ ነገር ያዘው። በእጄ ስስበው፥ እንደ ተፈተለ የባና ክር እርስ በርሱ የተጠመዘዘ፥ የሁለት ጭብጥ የሚያህል፥ በአረንጓዴ ውኃ የራሰ ጥቅልል ወጣ፤ በውኃ ደጋግሜ ሳፈስበት ሣሩ ታጥቦ ሄደና ፌስታሉ ተገለጠ፥ ከዳሩም ለእንግዳ ዳቦ የጠቀለልሁበት ፌስታል የነበረው ሰማያዊ መሥመር ታየ። የበግ ሆድ ፕላስቲክ አይፈጭም፤ ጨጓራውን ስለሚይዘው እንስሳው ጠገብሁ እያለ ይከሳል። ያን ዕለት ዱለት አልሠራሁም። ያን ትራፊ የወረሰው ሙክቴ ነበረ፤ ከበጉም እንደ ገና ወደ እኔ ገበታ ሊመጣ ደጃፌ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛ ነገር የቆዳው ነው። በቀድሞ ጊዜ የበግ ቆዳ ለቆሎ ተማሪ ደበሎ፥ ለእረኛ ለምድ፥ ለመቀመጫ አጎዛ ይሆን ነበር፤ የበሬው ቆዳ ጀንዲና ጠፍር፥ የፍየሉም ብራና ሆኖ ዳዊት ይጻፍበት ነበር። ኋላም ነጋዴ እየዞረ በደኅና ዋጋ ይገዛው ነበር። በዚህ በቅርብ ዓመታት ግን ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ፥ በከተማውም በገጠሩም፥ ከበዓል ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይታያል። እኔ ነጋዴ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ቆዳው ትኩስ ሳለ ጨውና አመድ ነስንሼ፥ በዙሪያው ችካል መትቼ በጥላ እወጥረዋለሁ፥ ሲደርቅም ሥጋውን በስለት ፍቄ በእግር አስረግጠዋለሁ። ሥራው ከባድ ነው፥ እጅም ይሸታል፤ ነገር ግን በቤቴ ለእንግዳ የሚነጠፈው ሁሉ ከበዓል የተረፈ ነው፥ ከፕላስቲክ ወንበርም ይሞቃል።

አንዲት ፌስታል በአንዲት ፈፋ ውስጥ ምን ታደርጋለች የሚል ቢኖር፥ አዲስ አበባን ያስብ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የዋና ከተማዋ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው የቆሼው ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በዚያ ክምር ውስጥ የስንት በዓል ትራፊ እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ከአፈር በታች ታፍኖ የሚበሰብስ ምግብም ሚቴን የተባለውን አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳስታወቀው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል። መንግሥታችን በ1999 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው በሚገባ ስላልተፈጸመ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በፕላስቲክ ከረጢት ላይ የጠበቀ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ መልካም ነው፤ ወደ ጓዳችን የሚገባው ግን በእኛ እጅ ነው።

የመንዝ ሰው በልክ መኖርን ከማንም መማር አያስፈልገውም ነበር። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው በመንዝ ጌራ ምድር በጓሳ፥ አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ለዓመታት ይዘጉታል፥ ሣሩ ሲደርስ በቀጠሮ ከፍተው ያጭዱታል፥ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለዝናብ ጌሳ ያደርጉታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም እስከ ዛሬ አሉበት። ይህን ሁሉ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት በልክ ያኖረ ሕዝብ አንድ ቀን የሚውል ድግስ በልክ ማዋል እንዴት ያቅተዋል?

እኔም ወደ እድሩ ሳህን ተመለስሁ። ብዙ ሳህን ማጠብ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አሁን ባቄላ ስቆጥር አጣቢዎቹንም በስም እጠራለሁ፥ ድርሻቸውንም ከወፍራሙ ጠላ አስቀድሜ አነሣለሁ። በምድጃውም ነገር ሦስቱን ጉልቻ ትቼ እሳቱን ከልሎ የሚይዘውን ምርጥ ምድጃ አስገባሁ፤ የድሮውን ግማሽ በሚያህል ኩበት ያንኑ እንጀራ እጋግራለሁ፥ የተረፈው ኩበትም ወደ ማሳው ይመለሳል።

የታሸገ ውኃ መተዌን ምራቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። ባለፈው በዓል ዋዜማ «እማማ፥ ለእንግዳ ውኃ በሽክና ሲሰጥ ንቀውን ነው አይሉም?» ስትለኝ፥ መልስ አልሰጠኋትም፤ እንስራውን በወይራ አጥኜ ከምንጭ አስሞላሁና ከደጁ ጥላ አስቀመጥሁት። በዕለቱ የታሸገውን ውኃ የጠየቀ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ከጠላው በፊት ያን ውኃ ደግመው ቀዱ፥ አንደኛውም «የእናትሽ ቤት ውኃ ነው» አሉኝ።

ለአሁኑ በዓል ግን እንግዳውን እርሷ ትቁጠር ብዬ ተውሁላት። በስልኳ ጽፋ 64 ሰው አለች። እኔም ከልማድ አልወጣ ብሎኝ ማታ አጎዛዬን አንጥፌ ቅሉን አነሣሁ፤ እየጠራሁ ስጥል 71 ሆነብኝ። ሁለታችን ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን፥ ስምን ከስም እያስተያየን ሰባቱን ስንፈልግ ብዙ ቆየን። ከታች ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩት መነኩሴ አሉበት፤ የጎረቤትን በጎች የሚጠብቁት ሁለቱ ልጆች አሉበት፤ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያድሩት አራቱ የቆሎ ተማሪዎች አሉበት፤ ሰባቱም ስልክ የላቸውም። ምራቴ ዝም ብላ ሰባቱን ባቄላ ከሰፌዱ ለየቻቸውና በመዳፏ ይዛ ወደ ሊጡ ቤት ገባች፤ የሰባት ሰው ዱቄት ስትሰፍር ሰማኋት።